ሦስት ትልም ድንች

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሂሩት ከፍሪጁ በረዶ ቤት አንድ ፌስታል ቲማቲም አወጣች። ረክሶ አግኝታ ብዙ ገዝታ፣ ታችኛው ክፍል ሲሞላባት ላይ ወርውራው ረስታዋለች። ድንጋይ የሆነውን ቲማቲም ሳህን ላይ ደርድራ ወደ ሥራዋ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ስገባ ሳህኑ ውሃ አቁሯል፤ ቲማቲሙ ቆዳው ተጨማዶ እንደ ተነፈሰ ኳስ ተኝቷል። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። የተቀቀለ ነገር ይሸታል፤ እሳት ግን አላየም።

ሂሩት ስትመለስ «አባዬ፣ ይሄ ፍሪጅ ተበላሽቷል» አለች።

«ፍሪጁ ምንም አልሆነም። የተበላሸው የቲማቲሙ ሕዋስ ነው።»

«ደግሞ ጀመርክ።»

ጀመርኩ። ቲማቲምም ሆነ ቅጠል በዓይን ከማይታዩ ትንንሽ ክፍሎች የተሠራ ነው። እያንዳንዱን ክፍል ውሃ የያዘ ከረጢት ነው በሉት። ብርዱ ሲጠና መጀመሪያ በረዶ የሚሆነው በከረጢቶቹ መካከል ያለው ውሃ ነው። ያ በረዶ ከከረጢቱ ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ ውጭ ይስበዋል፤ ከረጢቱም ይኮማተራል። ብርዱ ከበረታ ደግሞ ውስጡ ራሱ በረዶ ይሠራና ስሱን ሽፋን ይቀደዋል። በረዶው እስካለ ድረስ ሁሉም ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ጉዳቱ አይታይም። ሲቀልጥ ነው ጉዱ የሚወጣው፤ ውሃው ይፈስሳል፣ የሚይዘው ከረጢት የለም። የፈላ ውሃም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ሽፋኑን ያፈርሳል። ስለዚህ ውርጭ የመታው ቅጠልና የተቀቀለ ቅጠል ለዓይንም ለአፍንጫም መንታ ናቸው።

ሂሩት የፋርማሲ ዲግሪ አላት። አፏን ይዛ ሰማችኝና «ይሄን ማን አስተማረህ?» አለች። እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ ጌታቸው ነው፤ ጌታቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ጦር ኃይሎች አስፋልት ዳር ከሚዘረጉት አሮጌ መጻሕፍት እየገዛሁ፣ ያልገባኝን ቃል የተማረ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እየጠየቅሁ፣ አንዳንዴም እየተሰደብኩ ተምሬያለሁ። ብዙ ባለዲግሪ አስተምሬያለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሽታውን ግን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያኔ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ወደ ታች ሲወርዱ ከተማው አልቆ ማሳ ይጀምራል። ከቤታችን ግርጌ ጅረት ነበር፤ ከጅረቱ ዳር፣ ከአለት ሥር፣ ምንጭ ይፈልቃል። አባቴ በዚያ ዓመት ከምንጩ አጠገብ ያለውን ጎድጓዳ ቦታ ቆፍሮ ድንች ተከለበት፤ ሃያ አንድ ትልም። አባቴ የይፋት ቆላ ሰው ነው፤ ማሽላ እንጂ ድንች አያውቅም። ውሃው ቅርብ፣ አፈሩ ጥቁር፣ ነፋስም የማይገባበት ሆኖ ሲያየው «እንዲህ ያለ ቦታ ሰው እንዴት ሳይዘው ቀረ?» እያለ ይደነቅ ነበር።

ለምን ሳይያዝ እንደ ቀረ ሊነግሩት የሞከሩት እማማ ዲንቄ ናቸው። እማማ ዲንቄ ከኛ አርባ እርምጃ ያህል ከፍ ብሎ፣ ዳገቱ ላይ፣ የራሳቸው ድንች ነበራቸው። ከወንጪ ተራራ የመጡ ናቸው። ድምፃቸው ወፍራም ስለሆነ ሲመክሩ የሚቆጡ ይመስላሉ። ባላቸው አባ ቶላ ታመው ከተኙ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሳላቸው እስከ ምንጩ ይሰማል። አባቴ የመጨረሻውን ትልም ሲያወጣ እማማ ዲንቄ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ከዳገቱ ተጣሩ።

«የጌቱ አባት! እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ድንች አትትከል። አንድ ቀን ጠዋት ተነሥተህ ታለቅሳለህ!»

«ማን ነው የሚያስለቅሰኝ?»

«ታያለህ!»

ከሳምንት በፊት በውሃ ተራ ተጋጭተው ስለነበር አባቴ ምክሩን እንደ ምክር አልሰማውም። ቤት ገብቶ ለእናቴ «ዲንቄ ዛተችብኝ» አላት። እኔም ያን ቃል ይዤ ቀረሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እማማ ዲንቄ ለኔ የዛቱ ሰው ነበሩ፤ ሰላም ሲሉኝ እንኳ የሚዝቱ ይመስለኝ ነበር።

የኔ ሥራ ጃርት ነበር። ጃርት ድንች ይወዳል። ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ወርጄ አጥሩን እዞራለሁ፤ የተፈለፈለ ቀዳዳ ካገኘሁ በድንጋይና በእሾህ እደፍነዋለሁ። በሰፈሩ እንደኔ የጃርት መንገድ የሚያውቅ ልጅ አልነበረም። የወደቀ የጃርት እሾህ ለቅሜ ለክፍል ጓደኞቼ እንደ ብዕር አድል ነበር።

ታኅሣሥ ገብቶ ድንቹ ነጭና ወይን ጠጅ አበባ ሲያወጣ አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ ወረድኩ። ሣሩ ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል። የድንቹ ቅጠል በሙሉ ነጭ ነገር ተነስንሶበታል። ጨው መሰለኝ። አንዱን ቅጠል ስነካው እንደ ደረቅ ቂጣ ቀሽ አለ። ግራ ገባኝ። ጃርት ጨው አይነሰንስም።

ያኔ ነው እማማ ዲንቄን ያየኋቸው። በኛ ማሳ ውስጥ፣ በምንጩ በኩል፣ ጎንበስ ብለው ከባልዲ ውሃ በቅጠሉ ላይ ያፈስሳሉ። ከውሃው እንፋሎት ይትጎለጎላል። ባዶውን ባልዲ ይዘው ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«ጌቱ! ና፣ ልጄ፣ ና! ባልዲ ያዝ! ፀሐይ ሳትወጣ እንጨርስ!»

ፀሐይ ሳትወጣ መጨረስ ያለበት ምን ዓይነት ሥራ ነው? የሚደበቅ ሥራ ነው። እናቴ ሌባና ጅብ ፀሐይ ይፈራሉ ስትል ሰምቻለሁ። ጨው ነስንሰው፣ የፈላ ውሃ አፍስሰው፣ እኔንም ሊጨምሩኝ ነው። ዘወር ብዬ ዳገቱን ሮጥኩ።

አባቴ ኪዳን ሊያደርስ መድኃኔዓለም ሄዶ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። ወጥቶ፣ ሰምቶኝ፣ አብረን ሮጠን ስንወርድ ፀሐይዋ ጎድጓዳው ውስጥ ሙሉ ለሙሉ ገብታለች። ነጩ ነገር የለም። ያ ቀጥ ብሎ የቆመ ድንች ጠቁሮ፣ ረጥቦ፣ መሬት ላይ ተዘርሯል። አባቴ አንድ እፍኝ ቅጠል አንሥቶ ጨመቀው፤ አረንጓዴ ውሃ በጣቶቹ መሃል ወረደ። አሸተተው።

«ቀቅላዋለች» አለ።

እኔም አሸተትኩ። እውነትም እንደ ተቀቀለ ጎመን ይሸታል። በምንጩ በኩል ያሉት ሦስት ትልሞች ብቻ አፈራቸው ጭቃ ሆኖ፣ ቅጠላቸው ጎበጥ ብሎ፣ አረንጓዴ እንደሆኑ ቆመዋል። አየኋቸው። ግን ያየሁትን የት እንደማስቀምጠው አላወቅሁም።

እሑድ የእድሩ ሰዎች ጋሽ ወልዴ ግቢ ተሰበሰቡ። ጋሽ ወልዴ የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ድንኳኑም አግዳሚውም ጡሩምባውም እሳቸው ቤት ይቀመጣል። ከሽማግሌዎቹ ፊት አቆሙኝ።

«ምን አየህ፣ ልጅ?»

«የፈላ ውሃ ሲያፈስሱ አየሁ። ይጨስ ነበር። ጨውም ነስንሰው ነበር።»

«ምን አሉህ?»

«ፀሐይ ሳትወጣ እንጨርስ አሉኝ።»

ግቢው አጉረመረመ። ጋሽ ወልዴ ወደ እማማ ዲንቄ ዞሩ። «እትዬ ዲንቄ፣ አፍስሰዋል?»

«አፍስሻለሁ።»

«ምን ውሃ?»

«የምንጭ ውሃ ነዋ።»

«የምንጭ ውሃ ይጨሳል?»

«በብርድ ይጨሳል።»

ከኋላ አንዱ «ምንጫችንም ሲጋራ ጀመረች በሉኛ!» አለና ሳቅ ሆነ። እማማ ዲንቄ አልሳቁም። «ውርጭ ነው የመታው። ሳየው ወርጄ ላጥበው ሞከርኩ። ብቻዬን ሦስት ትልም ነው የደረስኩት» አሉ።

አባቴ ተነሣ። «ውርጭ ጎረቤት ይመርጣል እንዴ? የሷ ድንች አርባ እርምጃ ላይ ነው፤ አበባው እንኳ አልረገፈም!»

«ብርድ እንደ ውሃ ነው፤ ወደ ጉድጓድ ይወርዳል። ነግሬህ ነበር።»

አሁንም ተሳቀ። ዛሬ መጽሐፉ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ጥርት ባለ ሌሊት ወደ ዝቅተኛ ቦታ እየፈሰሰ ይተኛል። ያኔ ግን ብርድ ሲፈስስ ያየ ሰው በዚያ ግቢ አልነበረም። ጋሽ ወልዴ የመጨረሻ ጥያቄ ጠየቁ። «ተጣልታችሁ ሳለ እሱ ማሳ ምን አገባዎት?»

«ድንቹ ምን አደረገኝ?» አሉ እማማ ዲንቄ። ወደኔ አዩ፤ የሚቆጡኝ መሰለኝ። «ልጁን አትጫኑት። ያየውን ነው የተናገረው።»

ፍርዱ እማማ ዲንቄ እስኪያምኑና ይቅርታ እስኪጠይቁ ድረስ ከእድር እንዲታገዱ ሆነ። እድር የሌለው ሰው ሞት ሲመጣበት ምን እንደሚሆን ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጡሩምባ አይነፋለትም፣ ድንኳን አይተከልለትም፣ መቃብር የሚቆፍርለት የለም፤ ጎረቤትም ደጁን እንዳይረግጥ ይከለከላል። ፍርዱ ሲነገር ከዳገቱ በኩል የአባ ቶላ ሳል ተሰማ። ሁሉም ሰምቶታል፤ ማንም ቀና አላለም።

እኔን ግን ጋሽ ወልዴ ራሴን ዳበሱኝ። «ይህ ልጅ ዓይን አለው» አሉ። በዚያ ሳምንት በሰፈሩ ስሜ «የዓይን ምስክር» ሆነ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

አባቴ ማሳውን ዞሮ አላየውም። እኔ ግን ጃርቱን አልተውኩም። በአምስተኛው ቀን ስወርድ አሥራ ስምንቱ ትልም ደርቆ እንደ ጥቁር ገለባ ሆኗል። ሦስቱ ቀና ብለዋል። አበባቸው እንኳ እንዳለ ነው። ዞርኩ፤ እንደገና ዞርኩ። ውሃ የነካው ቆሟል፣ ያልነካው ሞቷል። ታዲያ የፈላ ውሃ ለድንች መድኃኒት ነው ማለት ነው?

የመጀመሪያውን ሙከራዬን ያደረግሁት ያን ቀን ነው። እናቴ ልብስ ልታጥብ ያፈላችውን ውሃ በጣሳ ቀድቼ ከቤታችን ጀርባ ያለ አንድ የጎመን እግር ላይ አፈሰስኩ። ጎመኑ ወዲያው ተልፈሰፈሰ፤ ያው ሽታ መጣ። እናቴም መጣች።

«አንተ የማትረባ! ጎመኔ ምን ቢያደርግህ ነው?»

«እማዬ፣ ለማወቅ ነው!»

«ቆይ አሳውቅሃለሁ!» ብላ ጆሮዬን ይዛ ሰማይ አሳየችኝ። ግን አወቅሁ። የፈላ ውሃ ይገድላል። እንግዲያው እማማ ዲንቄ ያፈሰሱት የፈላ ውሃ አልነበረም። ግን ይጨስ ነበር። ጭሱን በዓይኔ አይቻለሁ። ዓይኔን ወይስ ጎመኑን ልመን?

ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ምንጩ ጋ ስደርስ ማንም የለም፤ ውሃው ግን ብቻውን ይጨሳል። እንደ ድስት አፍ እንፋሎቱ ይወጣል። እጄን ልክተት አልክተት ብዬ ብዙ ቆምኩ። በመጨረሻ አንድ ጣቴን ነከርኩ። አልፈላም። ለብ ያለ እንኳ አይደለም፤ ከአየሩ ግን ይሻላል። ጣቴን አውጥቼ አየሁት። ደኅና ጣት ነው።

ለአባቴ ነገርኩት። ድንጋጤ ይሁን ቁጣ ያልለየሁት ነገር ፊቱ ላይ አለፈ። «አንተ ነህ ያየኸው፣ አንተ ነህ የመሰከርከው። ወንድ ልጅ ቃሉን አያጥፍም» አለኝ። እኔ ደግሞ ቃሌን ማጠፌ አልነበረም። ያየሁትን አይቻለሁ፤ ያየሁት ምን እንደሆነ ነው የተለወጠው። ይህን ለመናገር ግን ቃል አልነበረኝም።

ብቻዬን ጋሽ ወልዴ ዘንድ ሄድኩ። ሰሙኝ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ተከትለውኝ ወረዱ። ሌሊቱን ሰማዩ ደምኖ ስላደረ ጠዋቱ ለስላሳ ነበር። ምንጩ ዝም ብሎ ይፈስሳል። የእንፋሎት ዘር የለም።

«የታለ ጭሱ?»

«ትናንት ነበር፣ ጋሽ ወልዴ። እምልልዎታለሁ!»

«ዛሬስ? ለነቢያት ጾም ብላ ሲጋራውን ተወችው?» ብለው ሳቁና ወዲያው ኮስተር አሉ። «ልጅ፣ አንድ ጊዜ ይጨሳል ትላለህ፣ አንድ ጊዜ አይፈላም ትላለህ። እኛ በየትኛው እንፍረድ?»

ለምን እንዳልጨሰ ራሴም አላወቅሁም። ደመና ምድርን እንደ ብርድ ልብስ እንደሚሸፍን የተረዳሁት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ያኔ ምንጩ ሆን ብሎ ያዋረደኝ መሰለኝ።

ደመናው ሳይገለጥ ሰነበተ። አንድ ማለዳ ከዳገቱ ለቅሶ ሰማን። ሰው ሲሞት የእድሩ ጡሩምባ መንደሩን እየዞረ፣ የሟቹን ስም እየጠራ ነበር የሚያስነሣን። ያን ቀን ጡሩምባ የለም። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። አባቴ ቀና ብሎ አያት። መልሳ ተቀመጠች። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ከወንጪ የመጡ አምስት ዘመዶች አባ ቶላን ተሸክመው ወረዱ፤ አንዱ ከሬሳው ኋላ አካፋና ዶማ ይዟል። እማማ ዲንቄ ብቻቸውን ከኋላ ይሄዳሉ። በየደጁ ሰው ቆሞ ያይ ነበር፤ የተከተለ ግን የለም።

በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ጠርቶ አደረ። ስወርድ ሦስቱ ትልም ነጭ ለብሰዋል፤ ምንጩ ይጨሳል። ያን ጊዜ የሮጥኩትን ሩጫ ከዚያ ወዲህ ሮጬው አላውቅም። ጋሽ ወልዴን ከአልጋቸው አስነሣሁ፤ አባቴን ከደጅ ጎተትኩ። ጋሽ ወልዴ እየተቆጡ መጡና ምንጩ ዳር ጎንበስ አሉ። እጃቸውን እስከ አንጓው ነከሩ። አወጡት፤ እንደገና ነከሩት። አባቴም ነከረ።

«ውሃ እናፍስበት፣ አባባ! ፀሐይ ሳትወጣ!» አልኩ። ባልዲ ይዤ ነበር።

አባቴ ባልዲውን ከእጄ ወሰደና አጠገቡ አስቀመጠው። «ተው። ሳንነካው እንየው» አለ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ሦስታችን ተቀምጠን አየን። ፀሐይዋ ከጉብታው ብቅ አለች፤ ብርሃኑ በመጀመሪያው ትልም ላይ ወጣ፣ ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው። ነጩ ቀለጠ። ቅጠሉ መጀመሪያ አበራ፣ ከዚያ ጨለመ፣ ከዚያ አንድ በአንድ አንገቱን ደፋ። ማንም አልነካውም። ሽታው መጣ። አባቴ የቀረችውን ድንች በዓይኑ ሸኛት።

አንዱ መጽሐፌ ጥፋቱ የብርዱ ነው፣ ፀሐይዋ የሞተውን ብቻ ነው የምትገልጠው ይላል። ሌላው በፍጥነት መቅለጡም ይጎዳል ይላል። ሁለቱንም ደጋግሜ አንብቤ የራሴን ፍርድ ሰጥቻለሁ። እማማ ዲንቄ የደረሱት ገና ብርዱ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ሳይዘልቅ ነው፤ ከሌሊቱ ሁሉ የሚከፋው ብርድ ጎህ ሲቀድ ያለው ነውና የምንጩ ውሃ ያችን ሰዓት አሻገራቸው። የሚያርመኝ ምሁር ካለ ይምጣ። አንዳንድ ቀን ግን እኔም እርግጠኛ አይደለሁም።

አባቴ ከጅረቱ ዳር ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ ጫንቃው ላይ አደረገ፤ የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን እንደሚያደርገው። ዳገቱን ወጣን። እማማ ዲንቄ መሬት ላይ በተነጠፈ ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። አባቴ ከነድንጋዩ ደጃፉ ላይ ተንበረከከ። እሳቸው ተነሣ አላሉትም።

«ሦስቱስ ትልም?» ብለው ጠየቁት።

«ዛሬ ጠዋት ሄደ።»

«ውሃ አላፈሰሳችሁበትም?»

«አላፈሰስንም።»

ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እትዬ ዲንቄ፣ አጥፍተናል። ስምዎን ዛሬውኑ ወደ እድሩ እንመልሳለን። ድንኳኑን አሁን አስተክላለሁ። ጡሩምባውም የአባ ቶላን ስም እየጠራ ሰፈሩን ይዞራል።»

እማማ ዲንቄ በሩን አሻግረው ቁልቁል ጎድጓዳውን ተመለከቱ። ቀኑ ሞቋል፤ የጠቆረው ማሳ በብርሃን ተሞልቷል።

«ፀሐይ ከወጣች በኋላ?» አሉ።

አባቴ ድንጋዩን ከጫንቃው አላወረደም።